ዝም ብለው የሚወጡት

የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን መሆኔን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ተሳዳቢዎች ነው። «እንዴት ትችያቸዋለሽ?» ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተሳዳቢ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ገብቶ እናት አባት ይሳደባል፣ አንዱ ሪፖርት ያደርጋል፣ ከአድሚኖቹ ቀድሞ ያየ መልእክቱን ያጠፋል፣ ሰውየውን ባን ያደርጋል፣ አለቀ። ማንም አይከራከርም፣ እንደውም «ተባረኩ አድሚኖች» ይባላል። የማጭበርበሪያ ሊንክ የሚለጥፉትም እንደዛው ናቸው፣ አብዛኞቹን ቦቱ (ግሩፑን በራሱ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው) እኛ ሳናያቸው ይጠርጋቸዋል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ማንንም ሳይሰድብ፣ አንድም ሕግ ሳይጥስ፣ አነጋገሩ ሁሉ ሥርዓት ያለው ሆኖ ግሩፑን ቀስ በቀስ የሚያራቁተው ሰው ነው የሚከብደኝ። እና ደሞ በሱ ምክንያት አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የሚወጡት። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት በተለይ ስለነሱ ነው ምክንያቱም አድሚኖች ስንገናኝ ስለ ጮኸው ሰው ስናወራ ነው የምንውለው፣ ዝም ብሎ ስለሄደው የሚያነሳ የለም፣ እነሱ ራሳቸው ደሞ ተመልሰው መጥተው «በዚህ ምክንያት ነው የወጣነው» አይሉም።

የኛ ግሩፕ የስኳር ሕመም ያለብን ሰዎችና ቤተሰቦቻችን የምንወያይበት ነው፣ ቴሌግራም ላይ። እኔ ታይፕ ዋን ነኝ፣ ማለትም ሰውነቴ ኢንሱሊን አይሠራም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንሱሊን ላይ ነኝ። ይሄ ሕመም ያለበት ሰው ያውቀዋል፣ ሐኪም የምታገኘው በቀጠሮ ነው፣ ሕመሙ ግን ቀጠሮ አያውቅም፣ በየቀኑ ስንቴ ወስነህ ነው የምትውለው፣ ስንት ልውጋ፣ አሁን ልብላ ወይስ ልቆይ፣ ይሄ መፍዘዝ ስኳሬ ወርዶ ነው ወይስ ስላልተኛሁ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ከውጭ ለሚያያቸው ጥቃቅን ይመስላሉ። ሁሌ አንድ ቦታ ስወጋ ቆዳዬ አበጠ ምን ላድርግ? ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሠርቷል ሲቀልጥ ልጠቀምበት? (አይሆንም፣ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል።) እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ግን የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው የሚጠይቀው፣ አንዳንዱ ለመጠየቅ ብቻ ስንት ቀን አስቦበት ነው።

እና አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ ግሩፑ ውስጥ። ታይፕ ቱ ናቸው (ሰውነታቸው ኢንሱሊን ቢሠራም በደንብ አይጠቀምበትም)፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ብዙ ያነበቡ፣ አማርኛቸው ሲነበብ ደስ የሚል። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ግን ማንም ምንም ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፣ መልሳቸው ስክሪን ሙሉ ነው፣ ሌላ ሰው በአንድ መስመር የተለየ ነገር ካለ ደሞ ተመልሰው ይመጡና የት የት ላይ እንደተሳሳተ አንድ በአንድ ይዘረዝሩለታል፣ ያ ሰው ዝም እስኪል አይለቁትም፣ ዝም ሲል ደሞ የተስማማ ይመስላቸዋል።

አንድ ሌሊት አንዲት እናት እንዲህ ብላ ጠየቀች። «ልጄ ስኳሩ 58 ገብቶ ነበር፣ ጁስ ሰጥቼው አሁን 94 ሆኗል፣ ልተኛ ወይስ ልጠብቅ?» በቃ ይቺው ናት። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፣ ጣፋጭ ነገር ትሰጣለህ፣ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቀህ ትለካለህ፣ ይሄን አድርጋ ጨርሳለች። የቀራት አንድ አጠገቧ ያለ የሚመስል ሰው «ሆድ የሚይዝ ትንሽ ነገር አብይው፣ ከመተኛትሽ በፊት አንዴ ደግመሽ ለኪው፣ ጎበዝ እናት ነሽ አይዞሽ» ቢላት ነበር።

የመጣላት መልስ ግን ሌላ ነው። እሳቸው የሰውን ጥያቄ ኮፒ አድርገው ከላይ ያስቀምጡና ከሥሩ ነው የሚመልሱት። ከሥሩ ምን አለ፣ በመጀመሪያ ደረጃ 58 የገባው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ መተኛት ማውራት ተገቢ እንዳልሆነ፣ ማታ ስንት ዩኒት እንደተወጋ ለምን እንዳልጻፈች፣ መዝገብ ትይዝ እንደሆነ፣ ወላጆች የእራት ሰዓት ላይ ጥንቃቄ ሲጎድላቸው ምን እንደሚከተል፣ ከዛ ጉበት ስኳርን እንዴት እንደሚያከማችና እንደሚለቅ ረጅም ማብራሪያ። መስመር በመስመር ብታነቡት ውሸት የሚባል ነገር አታገኙበትም። እሷም «እሺ አመሰግናለሁ» አለች። ከዛ ጥያቄዋን አጠፋችው። ጠዋት እኔ ስገባ የሳቸው መልስ ብቻውን ቆሟል፣ የሷን ቃል ያገኘሁት እሳቸው ኮፒ ስላደረጉት ነው። እሷ ግሩፑ ውስጥ የለችም።

መውጣቷን ያወቅኩት እንዴት መሰላችሁ፣ ቴሌግራም ላይ አድሚኖች ብቻ የምናየው «ሪሰንት አክሽንስ» የሚባል ዝርዝር አለ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የትኛው አድሚን ምን አጠፋ፣ ሁሉም እዛ ይመዘገባል። ግን የሚቆየው 48 ሰዓት ብቻ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ገብቶ ያላየ አድሚን ያ ሰው መቼ እንደወጣ፣ ከየትኛው ክርክር በኋላ እንደወጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሜምበሩ ቁጥር ደሞ አዲስ ሰው ስለሚገባ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ አድገናል እያልን እንደሰታለን።

ባን የተደረገ ሰው በሌላ አካውንት ይመለሳል፣ ኢንቦክስ ይመጣል፣ ጓደኞቹን ይልካል፣ ስክሪንሾት ይለጥፋል፣ አምባገነን ናችሁ ይላል። የሱ ጉዳት ስምና ፊት አለው፣ ዝም ብላ የወጣችው እናት ጉዳት ግን ምንም ምልክት የለውም። አድሚን ደሞ ሰው ነው፣ የሚጮኸውን ለማስታገስ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ልብ ካላልክ ሳታውቀው ግሩፑን ለጮኸው ሰው እየሠራኸው ትሄዳለህ።

የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2006 እ.ኤ.አ. የጻፈው አንድ ግምት አለ፣ ብዙ አድሚኖች ይጠቅሱታል። በኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ውስጥ በግርድፉ ከ100 ሰው 90ው የሚያነብ ብቻ ነው፣ 9ኙ አልፎ አልፎ የሚጽፍ፣ አብዛኛውን የሚጽፈው 1ዱ ነው የሚል። ቁጥሩ በየቦታው ይለያያል ግን የኛን ግሩፕ ሳየው ከዚህ ብዙም አይርቅም። እና «ግሩፑ ምን ይላል?» ብለህ ስትጠይቅ የሚመልስልህ ያ 1ዱ ነው። ፖል ብትሠራ እንኳን መጀመሪያ የሚጫኑት እነዛው ናቸው። ዘጠናው አስተያየቱን የሚሰጥህ በመቆየት ወይ በመውጣት ብቻ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ኢንቦክስ ጻፍኩላቸው። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እየጻፍኩ፣ ምክንያቱም በዕድሜ አባቴ ናቸው፣ ሰው ፊትም ማሳፈር አልፈለግኩም። «ጋሼ ሰላም ዋሉልኝ፣ ለግሩፑ የሚሰጡትን ጊዜ ሁላችንም እናያለን። አንድ ነገር ላስቸግርዎ፣ ጠያቂው ተጨማሪ ካልጠየቀ በስተቀር መልስዎን አጠር ቢያደርጉልን፣ ሌሎችም እንዲመልሱ ትንሽ ጊዜ ቢሰጧቸው» አልኩ።

መልሳቸው ወዲያው ነው የመጣው። «ልጄ፣ ማንን ሰደብኩ?» አሉ። «የትኛውን ሕግ ነው የጣስኩት? ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ሕጋችን በቁጥር ተጽፎ ፒን ተደርጓል፣ እና በቁጥር የጣሱት የለም። ይሄ ነው የዚህ ሥራ ክብደቱ። ሕግ የምትጽፈው ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ሰው እያሰብክ ነው፣ ስድብ፣ ዘረኝነት፣ ማስታወቂያ፣ የሰው ፎቶ መለጠፍ። ቅን ልብ ያለው ሰው ከመጠን በላይ ሲረዳ ምን እንደሚደረግ የሚጽፍ ማነው? ሕግ ብጨምር «ለኔ ተብሎ የወጣ ሕግ» ይሆናል፣ ዝም ብል ሌሎቹ ይወጣሉ። «ጋሼ እርስዎ ሕግ አልጣሱም፣ ግን እርስዎ ከመለሱ በኋላ ሌላ ሰው አይጽፍም፣ የጠየቁትም ደግመው አይጠይቁም፣ እኔ የማየው ይሄንን ነው» አልኳቸው። «ታዲያ እውቀት የሚያሸማቅቀው ሰው ካለ የሱ ችግር ነው እንጂ የኔ ነው?» አሉኝ።

ይሄን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። ትክክል የሆነ ነገር መናገር በቂ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አለ፣ እና ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኔ ግን በቂ ነው ብዬ አላምንም። ግሩፕ መጽሐፍ አይደለም፣ መጽሐፍ ውስጥ ረጅም ምዕራፍ ሌላውን ምዕራፍ አያባርርም። ግሩፕ ውስጥ ግን ቦታው አንድ ስክሪን ነው፣ አንድ ሰው በሞላው ቁጥር የሌላው ወደ ላይ ተገፍቶ ይጠፋል፣ ከዛም በላይ ደሞ ሰው ከመጻፉ በፊት «ይሄን ብጽፍ እሳቸው ምን ይሉኛል» ብሎ ካሰበ ያ ሰው የተከለከለ ያህል ነው፣ የከለከለው ሕግ ባይኖርም።

እዚህ ላይ ሰዎች የመናገር ነጻነት ያነሱብኛል። እኔም ስለ ነጻነቱ ነው የምከራከረው። አድሚኑ ምንም የማይነካበት ግሩፕ ነጻ የሚመስለው ገና እየጻፈ ላለው ሰው ነው። ጄ. ኔተን ማቲያስ የሚባል ተመራማሪ ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ባለው ትልቁ የሳይንስ መድረክ ውስጥ ያደረገው ሙከራ አለ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ። አንዳንድ ውይይቶች ላይ ሕጎቹን ከላይ በጉልህ ለጠፉ፣ ሌሎቹ ላይ አልለጠፉም፣ የት እንደሚለጠፍ በዕጣ ነው የተወሰነው። ሕጉ በተለጠፈበት ቦታ አዲስ ሰዎች ሕግ የሚያከብሩበት መጠን ከ8 የመቶኛ ነጥብ በላይ ጨመረ፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ሁለተኛው ነው፣ የሚጽፉ አዲስ ሰዎች ቁጥር በአማካይ በ70 ከመቶ ጨመረ። ሕግ ሲያዩ ይሸሻሉ ተብሎ ሲፈራ ጭራሽ ገቡ። እኔ ሳስበው አይገርመኝም፣ ሊሰደብ ይችላል ብሎ የሚፈራ ሰው አጥር ሲያይ ልቡ ይረጋል።

ይሄን ካነበብን በኋላ እኛም ፒን አድርገን የረሳነውን ረጅም ሕግ አሳጠርነው፣ አዲስ ሰው ሲገባ ቦቱ በአራት መስመር ይነግረዋል። ከአራቱ አንዱ «እዚህ ትንሽ ጥያቄ የለም» ይላል። ሰዎች ጥያቄያቸውን ሲጽፉ ይቺን መስመር እየጠቀሱ ይጀምራሉ አሁን፣ «ትንሽ ጥያቄ የለም ስላላችሁ ነው» እያሉ።

ስለ ማጥፋት ደሞ ላውራ ምክንያቱም ትልቁ ጠብ የሚነሳው እዛ ላይ ነው። ስድብ ማጥፋት አያጣላም አልኩ። የሚያጣላው አንድ ሰው በቅን ልቦና የሚገድል ምክር ሲሰጥ ነው። «እኔ ኢንሱሊን አቁሜ በዚህ ቅጠል ነው የምኖረው፣ ሐኪሞቹ አይነግሯችሁም» የሚል መልእክት በየጊዜው ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሰው ታይፕ ቱ ነው፣ ከስቶ ወይ አመጋገቡን አስተካክሎ ስኳሩ ወርዶለት ይሆናል፣ ስለራሱ የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያን መልእክት ታይፕ ዋን የሆነ ልጅ ያለው አባት ያነበዋል። ታይፕ ዋን የሆነ ሰው ኢንሱሊን ካቆመ ደሙ ውስጥ ኪቶን የሚባል አሲድ እየተጠራቀመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የዚህ ልጅ ዕጣ ሞት ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ተገኘ፣ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋው፣ ከዛ በኋላ ነው እንደኔ ዓይነቱ ሰው አርጅቶ የሚሞትበት ዘመን የመጣው። እኔ በሕይወት ያለሁት በዚህ መርፌ ነው፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት ሳይ እጄ አያመነታም፣ አጠፋዋለሁ።

«ለምን ታጠፊዋለሽ፣ ሐሳቡን በሐሳብ አሸንፊው» ይሉኛል። ቀን ላይ፣ ሁላችንም እያለን፣ ሰው ሁሉንም ኮሜንት ሲያነብ ቢሆን እሺ። ሰው ግን እንደዛ አያነብም። ሌሊት ጨንቆት ሰርች አድርጎ አንዷን መልእክት ብቻ ያገኛል፣ የኔ ማስተባበያ ከሥሯ 20 መልእክት ወርዶ ነው ያለው፣ አይደርስበትም። ግን ዝም ብዬም አላጠፋም። ለጻፈው ሰው ለምን እንዳጠፋሁት እነግረዋለሁ፣ ግሩፑ ላይም «እዚህ ቦታ ኢንሱሊን ስለማቆም የተጻፈ ነበር፣ በዚህ ምክንያት ጠፍቷል» ብዬ አስቀምጣለሁ። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ብዙ ጊዜ ቢከፋውም ይቆያል። ያልተነገረው ግን ያብዳል፣ እውነቱን ነው የሚያብደው፣ ቃልህ ድንገት ጠፍቶ ማን እንዳጠፋውና ለምን እንዳጠፋው ካላወቅህ ከዛ በላይ የሚያናድድ ነገር የለም።

ነገር ሲጋጋል ቶሎ መግባትም ሌላው ነው። የስታንፎርድና የኮርኔል ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ክፉ ኮሜንት የሚጽፉት የተለዩ ክፉ ሰዎች ብቻ ናቸው ወይ ብለው ፈትነው ነበር። ያገኙት ምንድነው፣ ማንኛውም ሰው ሊጽፍ ይችላል፣ በተለይ ስሜቱ ተበላሽቶ ከመጣና ከሱ በፊት የተጻፉት ኮሜንቶች ክፉ ከሆኑ። ይሄ ሕመምተኞች ላሉበት ግሩፕ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ስኳር ሲወርድ ራሱ ሰው ይነጫነጫል፣ ሕመሙ ነው እንጂ ጠባዩ አይደለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸን ሰው ባን አናደርግም። መጀመሪያ ኢንቦክስ «ደህና ነህ? ተለካህ?» እንለዋለን። ስንቱ ነው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይቅርታ የጠየቀን። ካልቆመ ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ እናግደዋለን፣ ማንበብ ግን ይችላል። ከዛ ለሳምንት። ባን መጨረሻ ነው።

ይሄ ከፍ እያለ የሚሄድ ቅጣት የኛ ፈጠራ አይደለም። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው፣ የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት፣ ሰዎች የጋራ ውሃን፣ ግጦሽን፣ ደንን ሳያጠፉት ለዘመናት እንዴት እንዳስተዳደሩ ስታጠና ተመሳሳይ ነገር ደጋግማ አግኝታለች። የቆዩት ማኅበረሰቦች ለመጀመሪያ ጥፋት የሚቀጡት ትንሽ ነው፣ የሚከታተሉት ሰዎች ከራሳቸው መካከል ናቸው፣ ጠብ ሲነሳ በቅርብና በርካሽ የሚዳኙበት ቦታ አላቸው። ይሄን ሳነብ ስለ መስኖ ሳይሆን ስለኛ ግሩፕ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። የሰው ትኩረትም እንደ ውሃው የጋራ ነው፣ አንዱ ሲያበዛ ለሌላው ያልቃል።

የማደግ ነገር ደሞ አለ። ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ እኔ ግን ያን ያህል ሰው የያዘ ግሩፕ የሚወያይበትን መንገድ አላውቅም። ዩዝኔት የሚባል የድሮ የውይይት መረብ ነበር፣ ሴፕቴምበር በመጣ ቁጥር አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገቡና ሥርዓቱን እስኪለምዱ ለጥቂት ጊዜ ይረበሽ ነበር ይባላል፣ ከዛ ነባሮቹ እያስተማሯቸው ይረጋጋል። ከ1993 እ.ኤ.አ. በኋላ ግን እንደ ኤኦኤል ያሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ለሕዝብ በሩን ሲከፍቱት የሚገባው ሰው ነባሮቹ ከሚያስተምሩት በለጠ፣ «የማያልቅ ሴፕቴምበር» የሚል ስም ወጣለት። ስለዚህ እኛ በሩን ክፍት አናደርግም። ሰው ጥያቄ ልኮ ነው የሚገባው፣ በየሳምንቱ የምንቀበለው ነባሮቹ ስም በስም ሊቀበሉት የሚችሉትን ያህል ነው። ቁጥራችሁ ለምን አያድግም ይሉናል ሌሎች አድሚኖች። ቁጥር ለማስታወቂያ ነው የሚጠቅመው፣ እኛ የምንሸጠው ነገር የለም።

በአድሚኖች መካከል ስላለው ነገር ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ብቻ። ክርክሩ ውስጥ ያለ አድሚን በዛ ክርክር ላይ አይወስንም። ዊኪፔዲያ ላይ ያለ ሥርዓት ነው፣ ጉዳዩ ውስጥ የገባ አድሚን ሥልጣኑን እዛ ላይ እንዳይጠቀም ይከለከላል። እኛም ወስደነዋል። ሰው ሲናገረኝ እጄ ወደ ሚዩት (ሰውየው እንዳይጽፍ ወደሚያግደው) እንደሚሄድ ይሰማኛል፣ የዛኔ ነው ለሌላው አድሚን የምጽፈው፣ «እኔ ተናድጃለሁ አንተ እየው» ብዬ። ብዙ ጊዜ «ምንም የለውም ተይው» ይለኛል፣ እተወዋለሁ።

ስለ ድካሙ ግን ዝም ማለት አልችልም። ግሩፑ ውስጥ ሰው ዓይኑን ማጣቱን ይጽፋል፣ እግሩ ሊቆረጥ መሆኑን ይጽፋል፣ የልጁን ሞት ይጽፋል። አድሚን ደሞ እንደ ሌላው «ዛሬ አልችልም» ብሎ ሳያነብ ማለፍ አይችልም፣ ሐዘኑ ሥር ክፉ የሚጽፍ እንዳይኖር ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት። ፌስቡክ በ2020 እ.ኤ.አ. ይዘት እያዩ የሚያጣሩለት ሠራተኞች አእምሯችን ተጎዳ ብለው ከሰውት 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እነሱ ደመወዝ ነበራቸው፣ ያዩትም ከኛ እጅግ የከፋ ነው፣ አላወዳድርም። ግን ክፉ ነገር እያዩ መዋል ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ያኔ በአደባባይ ተነገረ፣ እና በነጻ የሚያነብም ሰው ያው ሰው ነው። ስለዚህ እኛ ተራ አለን፣ ተራው ያልሆነ አድሚን የግሩፑን ድምፅ ዘግቶ ይተኛል፣ ማንም «የት ጠፋህ» አይለውም። የሞት ዜና ሲመጣ ሁለት ሆነን ነው የምንይዘው።

ጋሼ በመጨረሻ ወጡ። እኔ አላስወጣኋቸውም። አንድ ሰው ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ፣ ጠያቂው ካልጠየቀ ለሁለተኛ ጊዜ አይመልስም የሚል ሕግ አወጣን፣ ለሁሉም ነው፣ አድሚኖችም ጭምር። ሁለት ሳምንት ያህል ታገሱት። ከዛ ረጅም የስንብት መልእክት ጻፉ፣ በክብር የተጻፈ፣ ስሜን እንኳን አላነሱም፣ ግን ስለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የራሳቸውን ግሩፕ ከፈቱ፣ ብዙ ሰው ተከትሏቸው ሄደ፣ ከሄዱት ውስጥ የምወዳቸው ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ አሁንም አኩርፈውኛል። ከብዶኛል፣ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም፣ ግን ውሳኔው ዛሬም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ግሩፑ ውስጥ አሁን ከዚህ በፊት ጽፈው የማያውቁ ሰዎች መልስ ይሰጣሉ። መልሳቸው አንዳንዴ ጎደሎ ነው፣ ሌላው መጥቶ ይሞላዋል።

የወጡትንም መጠየቅ ጀምረናል። 48 ሰዓቱ ሳያልፍ ዝርዝሩን አይቼ ለወጡት አጭር መልእክት እልካለሁ፣ ተመለሱ አልልም፣ ምን እንደጎደለ ብቻ ነው የምጠይቀው። አብዛኛው አይመልስም። ለዛች እናት ግን ጽፌላት መልሳልኛለች። «እናንተ ጋር ያሉት ሰዎች ብዙ ያውቃሉ፣ እኔ ደሞ እንዳላስቸግር ብዬ ነው» አለች። ልጇ ደህና ነው። ጥያቄ ሲኖራት ለኔ እንድትጽፍ ነገርኳት፣ እኔ ስሟን ሳልጠቅስ ግሩፑ ላይ አቀርበዋለሁ፣ መልሱን እወስድላታለሁ። ይሄን መንገድ ለሁሉም ከፍተነዋል፣ ከጠበቅነው በላይ ነው የሚጠቀሙበት፣ በተለይ ወጣቶችና ሕመሙን ለቤተሰብ ያልነገሩ ሰዎች።

በቅርቡ ሁለት አዲስ አድሚን እንፈልጋለን፣ የሌሊቱን ተራ የሚይዙ። እንደተለመደው ብዙ የሚጽፉት ናቸው ወዲያው «እኔ አለሁ» ያሉት፣ አመሰግናቸዋለሁ። እኔ ግን በዚህ ዙር ከሚያነቡት መካከል መጠየቅ እፈልጋለሁ፣ ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ሳይጽፉ ግን አንዱ ሲጨነቅ ልብ የሚያደርጉለት አሉ፣ ሪአክሽን ላይ ነው የማያቸው። ሌሎቹ አድሚኖች «የማናውቃቸውን ሰዎች?» ብለው አልተስማሙም፣ እየተነጋገርንበት ነው።